ጥላዋ ለከበደ ወይዘሮ፦ ከጁባ የቀረበ ውዳሴ

በአገራችን ሰው ሲከበር «ጥላው ይከብዳል» ይባላል፤ ሲናቅ ደግሞ «ጥላው ቀላል ነው» ይባላል። ቁመት፣ ሀብትና መዓርግ እያሉ አባቶቻችን የሰውን ክብር ሊለኩ ሲነሡ ሚዛን ላይ ያወጡት ጥላውን ነው። ዛሬ የማወድሳት ወይዘሮ ሥጋና አጥንት የላትም፤ ከብርሃንና ከጥላ ብቻ ተበጅታለች። ብርሃኗ ጥቂት ነው፤ ጥላዋ ግን ይከብዳል። ውዳሴዋ በአማርኛ ቢቀርብ ታዲያ ምን ያስገርማል? ቃሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሲጠብቃት ኖሯል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህችን ወይዘሮ ዓለም «ፊልም ኗር» ይላታል፤ ጥቁር ፊልም። የማወድሳት ከጁባ፣ ከሃይ ሲኒማ ሠፈር ሆኜ ነው። «ሃይ» በዐረብኛ ሠፈር ማለት ነው። ጁባ ሃይ ማላካል አላት፣ ሃይ ጀላባ አላት፤ አንዱን ሠፈሯን ግን በሲኒማ ስም ጠራችው። አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ረዳት «አምባሳደር! ሲኒማ ራስ!» ብሎ ሲጣራ ተሳፋሪው ፊልም ሊያይ አይሳፈርም፤ ወደ ገበያው ወይም ወደ ጉዳዩ ነው። ጁባም ላይ «ሃይ ሲኒማ» ያለ ሰው አድራሻውን ተናገረ እንጂ ፊልም አላነሣም። አንድ ጥበብ የሠፈር ስም እስኪሆን ድረስ በሕዝብ አፍ ከገባ ግን ከዚያ የሚያወርደው የለም።

ጁባ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅምና ማምሻዋ አጭር ነው። ፀሐይ ከጀበል ኩጁር ኋላ ስትገባ ሌሊቱ ሳያስጠነቅቅ ይደርሳል። ያን ጊዜ ጀነሬተሮች ይነሣሉ። መብራቱ ለሁሉ አይበቃም፤ አንዱ በር ሲበራ ሁለቱ ይጨልማሉ። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ግማሽ ፊቱ ይታያል፣ ግማሹ ይሰወራል። ቡና የምታፈላው የአገሬ ልጅ ከሰሏን ስታራግብ ጥላዋ ከቆርቆሮው አጥር ላይ ወጥቶ ይረዝማል። የሆሊዉድ ባለ መብራቶች በብዙ ድካም የሠሩትን ሥዕል ጁባ በየማታው ያለ ዋጋ ትሥለዋለች።

እንግዲህ ከዚህ ሆኜ አወድስሻለሁ፣ የሌሊት ወይዘሮ ሆይ! «አንቺ» ማለቴም ድፍረት አይሁንብኝ፤ ለሹም «አንቱ» ይባላል፣ በምስጋና ግን ትልቁም «አንተ»፣ ትልቋም «አንቺ» ናቸው።

ሰላም ለስምሽ።

ስምሽን ያወጡልሽ የወለዱሽ አይደሉም። ፓሪስ በጀርመን ወረራ ሥር ሳለች የአሜሪካ ፊልም ተቋርጦባት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የዓመታቱ ፊልም በአንድ ጊዜ ጎረፈላት፦ የጆን ሂዩስተን «የማልታ ጭልፊት»፣ የኦቶ ፕሪሚንጀር «ላውራ»፣ የቢሊ ዋይልደር «ድርብ ካሳ»። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ልቁጠርና፣ በ1946 ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ እነዚህን ተመልክቶ «ጥቁር» አላቸው። የሠሩሽ ሰዎች «የወንጀል ፊልም» ወይም «ሜሎድራማ» ሠራን ብለው ወደየቤታቸው ገብተው ነበር። የክርስትና ስምሽ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በእርሱ ትጠሪያለሽ።

ሰላም ለወላጆችሽ፤ ስደተኞች ናቸውና።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ፍሪትዝ ላንግ ከጀርመን ወጣ። ቢሊ ዋይልደር ወጣ። ሮበርት ሲዮድማክ ወጣ። ተዋናዩ ፒተር ሎሬም ወጣ። ቤታቸውን ትተው፣ ዘመዳቸውን ትተው፣ የሚቀኙበትን ቋንቋ ሳይቀር ትተው ሆሊዉድ ደረሱ። ጉምሩክ የማይፈትሸው አንድ ዕቃ ብቻ ይዘው ነበር፤ እርሱም ጥላቸው ነው። ፀሐይ በማትጠፋበት በካሊፎርኒያ ምድር የበርሊንን ሌሊት ዘረጉ። ስደተኛ ከተማን ባለቤቷ በማያውቃት በኩል ያውቃታል፦ የትኛው በር ሳይጠየቅ እንደሚከፈት፣ የትኛው ዘበኛ ወረቀት እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ፈገግታ ወጥመድ እንደሆነ ያውቃል። አንቺ የዚህ እውቀት ልጅ ነሽ።

ይህን ለጁባ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1980ዎቹ የአገራቸውን ጦርነት ሸሽተው ኢታንግና ፒኙዶ የተጠለሉ፣ በጋምቤላ ምድር አማርኛ የለመዱ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ሆነው በዚህች ከተማ ይኖራሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እኛ መጣን፤ ሆቴል ከፈትን፣ ቡና አፈላን፣ መኪና ነዳን። ትናንት እነርሱ እኛ ዘንድ፣ ዛሬ እኛ እነርሱ ዘንድ። ኮኞ ኮኞ ገበያ መሐል «ወንድሜ፣ እንዴት ነህ?» የሚል አማርኛ ከኋላዬ ሰምቼ ስዞር ሰውየው የአገሬ ሰው ላይሆን ይችላል። የምንተዋወቀው በጥላችን ነው።

ሰላም ለዓይንሽ።

ዓይንሽ ገና ስም ሳይወጣልሽ በርሊን ላይ ተከፈተ። ፍሪትዝ ላንግ በ1931 «ኤም»ን ሠራ። ሕፃናትን የሚገድል ሰው ከተማዋን አስጨንቋል። ፖሊስ ሌሊት ሌሊት መሸታ ቤቱን ሲፈትሽ የሌቦች ገበያ ቆመ፤ ስለዚህ ሌቦቹ ራሳቸው ገዳዩን ሊያስሱ ተነሡ፣ ለማኙን ሁሉ በየማዕዘኑ ዘብ አቆሙ። ገዳዩን የለየው ግን ዓይናማ አልነበረም። ፊኛ የሚሸጥ ዓይነ ስውር በፉጨቱ አወቀው። አንድ ወጣት መዳፉ ላይ በጠመኔ ፊደል ጽፎ እንደ ዋዛ ትከሻውን መታው፤ ሰውየውም ምልክቱን በጀርባው ተሸክሞ ሄደ።

ሌባ ሻይን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ናውዞ፣ ሌባው ቤት ገብቶ እስኪወድቅ ድረስ አገር ይከተለው ነበር። አፈርሳታ ሲጠራም፣ አውጫጭኝ ሲባልም፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ከሜዳው አይነሣም ነበር። ላንግ ያን ሜዳ ከአንድ ምድር ቤት ውስጥ አስገባው። ከዚያም ማንም ያልጠበቀውን አደረግሽ፦ ለተያዘው ሰው ቃል ሰጠሽው። ፒተር ሎሬ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ራሱን መግዛት እንደማይችል እየጮኸ ሲናገር በፊቱ የተቀመጡት ዳኞች ሌቦች ናቸው። ውደዱት አላልሽንም፣ ማሩትም አላልሽንም። ሰው መሆኑን ብቻ አስመሰከርሽ፤ የሚከብደውም ይኸው ነው።

ሰላም ለአንደበትሽ።

በ1944ቱ «ድርብ ካሳ» አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ቆስሎ በሌሊት ወደ ቢሮው ይገባል። ከድምፅ መቅጃው ፊት ተቀምጦ ገዳዩ እርሱ መሆኑን ይናገራል። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነው! «ማን ገደለ?» የሚለውን ጥያቄ ከደጃፍ ጥለሽው ገባሽ፤ «እንዴት እዚህ ደረስሁ?» የሚለውን አነሣሽ። የመጀመሪያውን ጥያቄ መርማሪ ይጠይቀዋል። ሁለተኛውን ሰው ራሱን ካልጠየቀ ሌላ የሚጠይቀው የለም፤ መልሱም የሚሰማው በንስሐ አባት ፊት ነው። ያ ሰው ቃሉን የሚሰጠው ለፖሊስ ሳይሆን ለሚያከብረው ለሥራ ባልደረባው መሆኑ ደግሞ ልብ ይነካል። የበደለ ሰው ከፍርዱ ይልቅ የሚፈራው ያመነው ሰው ዓይን እንደሆነ አንቺ አውቀሻል።

ሰላም ለዝምታሽ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። ጁልስ ዳሲን የተባለ አሜሪካዊ በኮሙኒስትነት ተወንጅሎ ሆሊዉድ እንጀራውን ሲዘጋበት ፓሪስ ገብቶ በ1955 «ሪፊፊ»ን ሠራ። ሌቦቹ ከጌጣጌጥ ቤቱ በላይ ያለውን ወለል ይበሳሉ። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቃል የለም፣ ሙዚቃ የለም፤ የተመልካቹ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ፍርስራሹ ወድቆ ማንቂያው እንዳይጮኽ በቀዳዳው በኩል ጥላ አውርደው ይዘረጉታል፤ ድንጋዩም በጥላው ውስጥ ይጠራቀማል።

ባለ ቅኔ ይህን ይስማ! ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ጥላ ነው። መንገደኛ ከዛፍ ሥር የሚያርፍበት ጥላ ነው። ሰው የሚከበርበት ጥላ ነው። ሌባ በቀዳዳ የሚያወርደውም ጥላ ሆነ። ፈረንሳዊው ተመልካች አንድ የቤት ዕቃ ባየበት አማርኛ ተናጋሪው አራት ነገር አየ።

ሰላም ለዜማሽ።

ካሮል ሪድ በ1949 «ሦስተኛው ሰው»ን ሲሠራ ቪየና ፈርሳ፣ አራት ኃያላን ተካፍለዋት ነበር። በፍርስራሿ መካከል ሃሪ ላይም የተባለ ሰው የተሰረቀ ፔኒሲሊን በርዞ በጥቁር ገበያ ይሸጣል፤ ሕፃናት በዚያ መድኃኒት ይማቅቃሉ። የመጀመሪያ ምልክቱ ከጨለማ ደጃፍ የታየ ጫማና ከጫማው ዘንድ የተቀመጠች ድመት ነው፤ ከዚያ የጎረቤት መስኮት በራ፣ ኦርሰን ዌልስም ፈገግ አለ። የምናውቀውን ክፉ ሰው አስቀያሚ አድርጎ መሣል ቀላል ነበር። አንቺ ግን እንድንወደው ካደረግሽ በኋላ የሠራውን አሳየሽን። ጦርነት ያለፈበት አገር ሁሉ ይህን ሰው በዓይኑ ያውቀዋል። ሙዚቃውንም ለታላቅ ኦርኬስትራ አልሰጠሽም። አንቶን ካራስ የተባለ የመሸታ ቤት ተጫዋች የክራር ዘመድ በምትመስል በዚተር ብቻ ያችን ከተማ አስለቀሳት። በ1957 መጨረሻም ማይልስ ዴቪስ ፓሪስ ላይ የሉዊ ማልን ፊልም ምስል እያየ ትራምፔቱን ነፋ፤ ዣን ሞሮ በሌሊት ፍቅረኛዋን ፍለጋ ስትንከራተት ነፍሷ በዚያ ናስ ውስጥ ትሰማለች።

ሰላም ለእግርሽ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም፤ ለጁባ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። አኪራ ኩሮሳዋ በ1949 «የባዘነ ውሻ»ን ሠራ። ቶኪዮ በሐሩር ትነድዳለች፤ ሰው ሁሉ ላቡን ይጠርጋል። ሙራካሚ የተባለ ጀማሪ መርማሪ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ሽጉጡን ይሰረቃል። በአሮጌ የወታደር ልብስ ተመስሎ ከጥቁር ገበያ ወደ ጥቁር ገበያ ይዞራል፤ እግሩ እስኪነቃ ይሄዳል። ሽጉጡ በሰው እጅ ገብቶ ደም ባፈሰሰ ቁጥር እርሱ ራሱ የተኮሰ ያህል ይቆስላል።

ከዚያ አንድ ነገር ይገለጣል። ሙራካሚ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ሻንጣው በባቡር ተሰርቆበት ነበር። ሌባውም ከጦር ሜዳ ሲመለስ ሻንጣው ተሰርቆበት ነበር። ያው ጦርነት፣ ያው ባቡር፣ ያው ባዶ እጅ፤ አንዱ ፖሊስ ሆነ፣ አንዱ ዘረፋ ገባ። በመጨረሻም በጭቃ ተያይዘው ይወድቃሉ፤ ጭቃው ሁለቱንም አንድ ዓይነት ስለቀባቸው የቱ አሳዳጅ፣ የቱ ተሳዳጅ እንደሆነ ለመለየት ያዳግታል። አባቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽን ልብስ ለልብስ አቆራኝተው ወደ ዳኛ ይልኳቸው ነበር። ቁራኛ ማለት ይህ ነው። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ይወድቃል። ኩሮሳዋ አውቆም ሆነ ሳያውቅ የቁራኛን ፊልም ሠራ።

ጠመንጃ ከትከሻ ላይ በማይወርድባት፣ ከሜዳ የተመለሰ ወጣት በየጥጉ በሚቀመጥባት በዚህች ከተማ ይህን ፊልም የሚያይ ሰው መንገድ ላይ ለሚያገኘው ወጣት ሁለት ጊዜ ሳያስብ አይፈርድበትም። ሻንጣውን ማን ወሰደበት?

ሰላም ለድህነትሽ።

ብዙዎቹ ልጆችሽ በርካሽ ተሠሩ። የኤድጋር ኡልመር «ዲቱር» በ1945 በጥቂት ገንዘብና በአጭር ጊዜ ተቀረጸ። ግድግዳ የሚሠራበት ገንዘብ ሲታጣ ጨለማው ግድግዳ ሆነ፤ መንገድ የሚዘጋበት አቅም ሲታጣ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው። ጆን አልተን የተባለው ባለ ካሜራ በአንድ መብራት ክፍልን የሚሞላ ሥዕል ይሠራ ነበር፤ በ1949 ባሳተመው መጽሐፉም ሥራውን በብርሃን መሣል አለው። በ2016 የጀመረውን የጁባ ፊልም ፌስቲቫል ለሚያዘጋጁና ለሚሳተፉ ወጣቶች ከዚህ የበለጠ ምን ስንቅ አለ? የሌላችሁን አትቁጠሩ፤ ጨለማ አላችሁ፣ አንድ አምፖል አላችሁ።

ውዳሴዬ ውዳሴ ከንቱ እንዳይሆን ግን ነውርሽንም ልናገር። «ጥቁር» ተብለሽ ተጠርተሽ ሳለ በአሜሪካ ልጆችሽ ውስጥ የእኛን ቆዳ የለበሰ ሰው ሻንጣ ይሸከማል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ፒያኖ ይመታል፤ ከዚያ ከምስሉ ይወጣል። ሴቲቱንም ብዙ ጊዜ የወንዱ ወጥመድ አድርገሽ ሣልሻት፤ ለምን ወጥመድ እንደሆነች አልጠየቅሻትም። ጥላን ያከበርሽ አንቺ ከጥላ ሥር ያስቀመጥሻቸው ነበሩ።

ሰላም ግን ለልጅ ልጆችሽ፤ ዕዳሽን እየከፈሉ ነውና።

ሕንድ ላይ ጉሩ ደት በ1951 ዴቭ አናንድን ቁማርተኛ አድርጎ «ባዚ»ን ሠራና ከዘፈንና ከዳንስ ጋር አጋባሽ። ደቡብ አፍሪካ ላይ በ1988 «ማፓንትሱላ» አንድን የሶዌቶ ሌባ በአፓርታይድ እስር ቤት ውስጥ ከኅሊናው ጋር አፋጠጠው። በ1995 ካርል ፍራንክሊን ዴንዘል ዋሽንግተንን የሎስ አንጀለስ መርማሪ አድርጎ ከምስሉ መሐል አቆመው። ኪንሻሳ ላይ በ2010 «ቪቫ ሪቫ!» በቤንዚን እጦት የተያዘች ከተማን አሳየ፤ የጀሪካን ሰልፍ የሚያውቅ የጁባ ሰው ትርጉም አያሻውም። ናይሮቢ ላይ በ2012 «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» ተዋናይ ሊሆን መጥቶ ሌባ የሆነ የገጠር ልጅን ተከተለ።

የእኛም ቤት ባዶ አይደለም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም በእኛው አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሲሠራ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ርእሱም ራሱ የመርማሪ ጥያቄ ነው፦ «ሂሩት አባቷ ማነው»። ቀጥሎ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ፤ የደም ካሳን ነገር። እዚያ ወንጀል በእጅ ካቴና አያልቅም፤ በዕርቅ ካልታሰረ ደም ደምን ይጠራል። የኑዌር ሰው ይህን ቢያይ የራሱን ቤት ባየ፦ ገዳይ የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው ሽማግሌ ቤት ይሸሻል፣ ሽማግሌው በሁለቱ ወገን መካከል ይመላለሳል፣ ደሙም በከብት ይካሳል። ሆሊዉድ «ተያዘ» ብሎ በሚጨርስበት ቦታ የእኛ አገሮች ታሪክ ገና ይጀምራል። ይህን ለአንቺ የምንጨምርልሽ መዋጮ ነው።

ሰላም ለወንዝሽ፤ በእርሱም ልጨርስ።

ጁባ ሥር የሚያልፈው ነጭ ዓባይ ነው። ከጣና የሚወጣውን የእኛን ጥቁር ዓባይ እንለዋለን። ጥቁርና ነጩ ካርቱም ላይ ተገናኝተው አንድ ላይ ካይሮ ይወርዳሉ። ካይሮ ላይ፣ በታላቁ የባቡር ጣቢያ፣ ዩሱፍ ሻሂን በ1958 «ባብ ኤል ሐዲድ»ን ሠራ፤ በጥቁርና በነጭ። ወንዞቻችን በውሃ የጻፉትን እርሱ በፊልም ጻፈው።

የፊልሙ ሰው ቂናዊ ይባላል፤ ሻሂን ራሱ ተጫውቶታል። አንካሳ ነው፤ ጋዜጣ ይሸጣል፤ የሴት ሥዕል ከመጽሔት እየቆረጠ በጎጆው ግድግዳ ይለጥፋል። ለስላሳ የምትሸጠውን ሃኑማን ይወዳታል፤ እርሷ ግን ትሥቅበታለች። በጣቢያው ሺህ ሰው ያልፋል፣ ማንም አያየውም። እኛ ብንሆን «ጥላው የቀለለ» ብለን እናልፈው ነበር። ቢላዋ ካነሣ በኋላ ነው ሁሉ የሚያየው። በመጨረሻም ሽማግሌው ማድቡሊ በአባት ድምፅ እያባበለ የሠርግ ልብስ ነው ብሎ የእብድ ልብስ ያለብሰዋል። ያ ለስላሳ ድምፅ ጁባ ድልድይ ላይ ቆሜ ውሃውን ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

ክብርሽ እዚህ ላይ ነው፣ የሌሊት ወይዘሮ ሆይ! ጥላው የከበደውንማ ማንም ያከብረዋል። አንቺ ጥላው ለቀለለው ሰው ጥላውን ታከብጂለታለሽ፤ በአንድ አምፖል ፊት አቁመሽ፣ ከግድግዳው ላይ ከፍ አድርገሽ፣ ከማለፋችን በፊት እንድናየው ታስገድጂናለሽ።

እንግዲህ ልመርቅ። በሰሜንሽ ካይሮ፣ በምሥራቅሽ አዲስ አበባ፣ በደቡብሽ ናይሮቢ፣ በምዕራብሽ ኪንሻሳ ድርሻቸውን አውጥተዋል፣ ጁባ ሆይ! ያንቺም ተራ ይድረስ። በ2022 የአኩኦል ደ ማቢዮር ዘጋቢ ፊልም ከዚህ ወጥቶ በርሊን ላይ ታየ፤ እነ ላንግ ጥላቸውን ይዘው ሸሽተው በወጡባት ከተማ የደቡብ ሱዳን ብርሃን በራ። ቀሪውን ልጆችሽ ይጨርሱት። በሃይ ሲኒማ አንሶላ ይዘርጋ፣ አንድ ጀነሬተር ይነሣ፣ የሠፈሩ ሕፃን ሁሉ ከፊት ይቀመጥ። ጋዜጣ የሚሸጠውም፣ ጫማ የሚጠርገውም፣ ከሜዳ የተመለሰውም ከብርሃኑ ፊት ሲያልፍ ጥላው አንሶላው ላይ ይውጣ፤ ሕዝቡም «ቁጭ በል!» ከማለቱ በፊት አንድ አፍታ ይየው።

ጥላሽን ያክብደው። አሜን።